ከቀለም በፊት ፍሬን

የሳምንቱ ሥራ አልቆ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ሲመጣ፣ ተማሪውም ሆነ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ጌታ ይሆናል። ሰው ከሥራው ይልቅ በዕረፍቱ ይታወቃል ቢባል ማጋነን አይመስለንም። ለምን ቢሉ፣ በሥራው ሰዓት የሚያዝበት አለቃው ሲሆን በዕረፍቱ ሰዓት የሚያዝበት ግን ራሱ ነውና። ከፊሉ ይህን ጊዜ በኳስ ሜዳ፣ ከፊሉ በቡና ቤት፣ ከፊሉም የእጅ ስልኩን ሲነካካ ያሳልፈዋል። እሑድ ማታ ግን ብዙዎቻችን ምን ሠራሁ ብለን ስንጠይቅ እጃችንን ባዶውን እናገኘዋለን።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው እጅን ባዶውን ከማያስቀሩት የዕረፍት ሥራዎች ስለ አንዱ ነው፤ ይኸውም አሮጌ አውቶሞቢልን በገዛ ግቢ ውስጥ በትርፍ ጊዜ ማደስ ነው። አንዳንዱ ይህ የባለጸጋ ጨዋታ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ዲግሪ ይዞ በዘይት መጨማለቅ ምን ይባላል ብሎ ይሥቃል። ለመጀመሪያው የምንመልሰው፣ ባለጸጋማ አዲስ ይገዛል እንጂ አሮጌ ለማደስ ምን አደከመው ብለን ነው። የሁለተኛው መልስ ግን ረዘም ስለሚል ከታሪክ እንጀምር።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ፣ የመኪና መንገድ ባልነበረበት በረሃና ተራራ እየጎተተና እየገፋ ከብዙ ድካም በኋላ አዲስ አበባ አደረሳት። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሌላም ነገር አደረጉ፤ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውን የእጅ ባለሙያ በሙያው ምክንያት መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተምር አጋጣሚ ነው። መኪናዋ ከገባች ከመቶ ዓመት በላይ ሆናት። መኪናዋን የሚጠግነውን እጅ የማክበሩ ነገር ግን ገና በመንገድ ላይ ነው።

በአገራችን አሮጌ መኪና ሲባል በመጀመሪያ የምትታሰበው ጀርባዋ እንደ ኤሊ የጎበጠችው ቮልስዋገን ናት። ስሟ በጀርመንኛ የሕዝብ መኪና ማለት ሲሆን የእኛ ሕዝብ አሳጥሮ ቮልስ ይላታል። ንድፏን ያወጣው ፌርዲናንድ ፖርሸ ነው። ፋብሪካዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተደብድቦ ነበር። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ግን ኢቫን ሂርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ፍርስራሹን አስጠርጎ ሥራውን እንደ ገና አስጀመረው፤ የእንግሊዝ ጦርም 20,000 መኪና አዘዘ። እንግዲህ ቮልስ ራሷ ከመታደስ የተወለደች መኪና ናት ማለት ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. ከ15 ሚሊዮን በላይ በመሠራት የአሜሪካኑን የፎርድ ሞዴል ቲ ብልጫ ወሰደችበት። የመጨረሻዋም በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን አልፎ ነበር።

በኢትዮጵያም ይህች መኪና የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የጸሐፊውና የመኮንኑ መኪና ሆና ኖራለች። በታሪካችንም ውስጥ ሳይጠሯት ገብታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዕለት ከቤተ መንግሥታቸው ይዛቸው የወጣችው ከብዙዎቹ የክብር መኪናዎቻቸው አንዷ ሳትሆን ተራ ቮልስ ነበረች።

እነዚህ መኪናዎች እስከ ዛሬ የቆዩልን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አየሩ ነው። በአውሮጳ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የመኪናን ብረት ከሥር ይበላዋል፤ በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን ይህ የለም። ሁለተኛው ድህነታችን ነው። አዲስ መግዛት ስላልቻልን ያለውን ጠግነን አኖርነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለ ታክሱም ሆነ ስለ ክልከላው የሚባለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከአሮጌዎቹ መኪናዎች አንዷ በሞተች ቁጥር የምትተካት ሌላ አትመጣም።

አሁን ወደ ሀዋሳ እንሻገር። ሀዋሳ በሐይቁ ዳር በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ ዛሬ በየግቢው ሸራ ለብሰው ከቆሙት አሮጌ ቮልሶች ጋር እኩያ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ነው። መንገዷ ሰፊ፣ ምድሯ ሜዳ ነው። ብስክሌቱና ባጃጁ እንዲህ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ይህ ሜዳነቷ ለአሮጌ መኪና ባለቤት አንድ ወጥመድ አለበት። በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ፍሬኑ ቢደክም አይታወቅም። የሚታወቀው ከሻሸመኔ ወደ ጥቁር ውሃ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ወይም ከሲዳማ ደጋ ሲመለሱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማወቁ አይጠቅምም።

በዚህች ከተማ የምናውቀው አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደመወዙ ቆጥቦ ከአንድ ጡረተኛ ላይ ለብዙ ጊዜ የቆመች ቮልስ ገዛ። አሳቡ ቀላል ነበር። የእኅቱ ሠርግ በአራተኛው ወር ስለ ነበረ፣ መኪናዋን ነጭ ቀለም ቀብቶ፣ ወንበሯን አልብሶ፣ ሙሽራዋን ሊያሳፍርባት ነው። ሞተሩ በሁለተኛው እሑድ ተነሣለት። ከዚያ ወዲያ ቀለም እንጂ ሌላ የቀረ ነገር አልመሰለውም።

በጎረቤቱ ዕድሜያቸውን ሁሉ በጋራዥ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን መጥተው መኪናዋን ዞረው ካዩ በኋላ የኋላውን ወንበር አነሡና ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በካቻቢቴ ጫን አሉት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ሰጥሞ ጫፉ በታች በኩል በመሬት ላይ ታየ።

"ልጄ፣ ይህ ብረት አይደለም፤ ስቱኮ ነው" አሉት።

"ታዲያ ቀለሙስ፣ ጋሼ? ሠርጉ እኮ ደረሰ።"

"ቀለም የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የምትቆምበትን አብጅ፤ ቀጥለህ የምትሄድበትን፤ ከዚያ ወዲያ የምትታይበትን።"

ወጣቱ ያን ቀን ተቆጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ማግስቱን የፍሬኑን ታምቡሮዎች አስፈትቶ ባየ ጊዜ ቁጣው ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። በአንዱ ጎማ ያለው ሲሊንደር ዘይት እያፈሰሰ ሸራውን አርሶታል፤ ተጣጣፊዎቹ የጎማ ቱቦዎች ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ የዋናው ፖምፓ ላስቲክም አብጦ ቀርቷል። በዚህች መኪና ነበር እኅቱን፣ ሚዜዎቿንና እናቱን አሳፍሮ ሊሄድ የነበረው። ሠርጉ በኪራይ መኪና ሆነ። ዘመድ ሁሉ ቮልሷስ ወዴት አለች እያለ ሲጠይቀውና ሲሥቅበት ዋለ። እሱም መሣቁን ቻለው።

እኛ ከዚህ ነገር ቁም ነገር ሆኖ ያገኘነው ይህን መቻሉን ነው። የምንኖርበት ዘመን መታየትን ከመቆም የሚያስቀድም ዘመን ነው። ሪፖርቱ የሚያምር፣ ሥራው ግን የሌለ መሥሪያ ቤት፤ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን የተገለበጠ የመመረቂያ ጽሑፍ፤ እነዚህ ሁሉ የስቱኮ ሥራዎች ናቸው። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚለው የአባቶች ተረት የተነገረው ለትዳር ቢሆንም ለመኪናም ለቢሮም ይሠራል። በቢሮ ውስጥ ስቱኮው ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፍ ይችላል። መኪና ግን አንድ ቁልቁለት ይበቃታል። አሮጌ መኪና ለወጣቱ ጥሩ አስተማሪ የምትሆነውም ስለዚህ ነው፤ በቃላት አትታለልም።

አንባቢ ነገሩን እንዲረዳው የፍሬኑን አሠራር በአጭሩ እንግለጥ። ነጂው መርገጫውን ሲረግጥ ዋናው ፖምፓ የፍሬኑን ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ አራቱም ጎማ ይገፋዋል፤ ዘይቱም በየጎማው ያለውን ሲሊንደር ከፍቶ ሸራውን ከሚሽከረከረው ታምቡሮ ጋር ያጣብቀዋል። በቀደሙት ቮልሶች ይህ ሁሉ አንድ መሥመር ብቻ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ጎማዎች በአንዱ ዘይቱ ካፈሰሰ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየሩ ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ውሃው በውስጥ ብረቱን ያዝገዋል፤ በረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ደግሞ ይፈላና መርገጫው ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው መኪናዋ ባትሄድበትም እንኳ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ያለበት። ይህም ላይ አንድ የሒሳብ ነገር እንጨምር፤ የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ከፍሬን ቀጥሎ የሚመጣው ብረቱ ነው። ቮልስ ወለሏና ላይኛው አካሏ በቡሎን የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ስለ ሆኑ መለያየት ይቻላል፤ ይህም በቤት ለሚሠራ ሰው ታላቅ ዕድል ነው። ዝገት በብዛት የሚገኘው ከባትሪው ሥር ባለው ወለልና በሁለቱ በሮች ሥር በሚያልፉት ባዶ ብረቶች ነው። ዝገት ብረትና ውሃ ከአየር ጋር ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ስለ ሆነ፣ በላዩ ስቱኮ ቢለጠፍበት ከሥሩ መብላቱን አይተውም፤ እንዲያውም ስቱኮው እርጥበት እየያዘ ይረዳዋል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ጤናማው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ማውጣት፣ በልኩ ላሜራ አበጅቶ መበየድ፣ በሁለቱም ወገን ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት። የወጣቱን ወለል በመዶሻ እየቀጠቀጠ በልኩ ያበጀለት አንድ የሀዋሳ ላሜራ ሠሪ ነው። ያን ሥራ ያየ ሰው ዳግማዊ ምኒልክ ያን ዐዋጅ ለምን እንዳወጡ ሳይገባው አይቀርም።

ሞተሩ የሚመጣው ሦስተኛ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር ስለሌለው የሚፈላ ውሃም የለውም፤ ነገር ግን ማራገቢያውን የምታዞረው ቺንጋ ከተበጠሰች ወዲያው መቆም ግድ ነው። የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነውና ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥና የቫልቮቹን ክፍተት በዚያው ማስተካከል ይገባል። እንደ ሀዋሳ ባለ ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ለባሕር ጠረፍ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፤ ምልክቱም ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት መልበሱ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ፣ አምፖልም ሆነ ባትሪ ከመግዛት በፊት ይህን ማረጋገጥ ያሻል።

ከአደጋ መጠንቀቅንም ሳናነሣ አናልፍም። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነሥታ ሳለ ከሥሯ መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ አስቀድሞ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ትቀመጥ። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ከፊት ያለው የቤንዚን ታንክ ይውጣ፤ ባትሪው ይፈታ። ወደ ሞተሩ የሚሄደው አሮጌ የቤንዚን ቱቦ ከሁሉ አስቀድሞ ይለወጥ፤ ብዙ ቮልሶችን ያቃጠለው በጋለ ሞተር ላይ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። የባትሪው መክደኛም አይረሳ፤ ሰው ሲቀመጥበት የኋላው ወንበር ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ያስነሣል። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ነገር ስላለበት፣ በታምቡሮው ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአፍ ወይም በፖምፓ ማቡነን አይገባም፤ በውሃ አርሶ መጥረግ ነው።

መለዋወጫ ከየት ይገኛል የሚል ይኖራል። የጠፋው ዕቃ ሲፈለግ መንገዱ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያመራል። ከፈረሱ መኪናዎች የወጣው ዕቃ እዚያ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለን። ወንበርና መስተዋት፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ አሮጌ ቢሆኑ ጉዳት የለውም፤ የፍሬን ላስቲክና ቱቦ ግን አዲስ ካልሆነ አይገዛ። በቀለም ላይ ሊወጣ የታሰበውም ገንዘብ ወደዚህ ይዙር።

ከዕቃው ይበልጥ እየጠፋ ያለው ግን ዕውቀቱ ነው። በጋራዦቻችን የሚነገረው ቋንቋ ከፊሉ ጣልያንኛ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ካንዴላ ማለት በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ በኋላ ጠላት ወጣ፤ ቃሉና ሙያው ግን በእኛ እጅ ቀረ፤ የእኛም ሆነ። አንዱ መካኒክ ከሌላው በዐይኑና በጆሮው እየተማረ ለልጅ ልጅ አደረሰው። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው የትኛው ቫልቭ እንደ ላላ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የሚያውቁትን ግን የጻፈላቸው ሰው ጥቂት ነው። የዛሬው ወጣት መካኒክ ስሕተቱን በኮምፒዩተር የሚያነብበት መኪና ለምዷልና፣ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ የካርቡራቶሩና የፑንቲናው ዕውቀት አብሯቸው መቃብር እንዳይወርድ ያሰጋል።

የተማረው ወጣት ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌው እጅና ጆሮ አላቸው፤ ተማሪው ደግሞ ብዕርና መጽሐፍ አለው። ያ የሀዋሳ ወጣት በየእሑዱ አንድ ደብተር ይይዝ ነበር። የፈታውን ዕቃ ሁሉ በቅደም ተከተል ይጽፋል፣ ይሥላል፣ ቡሎኖቹንም በየጣሳው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ሽማግሌው የሚሉትንም በአማርኛ ይመዘግባል። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ይሥቁበት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን አንድ ነገር ሲጠፋባቸው "እስቲ ያን ደብተርህን እየው" ማለት ጀመሩ። በእኛ አስተያየት ከመኪናዋ ይልቅ ደብተሩ ይበልጣል። እንደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባሉ ቦታዎች የሚማሩ ወጣቶች በየሰፈራቸው ካሉት ሽማግሌ መካኒኮች ጋር እንዲህ ያለ ደብተር ቢጀምሩ ለተከታዩ ትውልድ ታላቅ ውለታ ይሆናል።

ሥራው ሁለት ክረምት ፈጀ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው በአራት ወር ቢያልቅ ኖሮ ምናልባት ደግሞ በአምስተኛው ወር ይፈርስ ነበር። ዛሬ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ከዚህም በላይ ትቆማለች። ቀለም ግን ገና አልተቀባችም። አንዱ በር አረንጓዴ፣ ኮፈኗ ነጭ፣ ወለሏ ቀይ ፀረ ዝገት ነው። በከተማው መንገድ ስታልፍ የባጃጅ ነጂዎች እያዩ ይቀልዱባታል። ባለቤቷ ግን አንድ ቀን ሽማግሌውን አሳፍሮ እስከ ሻሸመኔ ወጥቶ ቁልቁሉን ሲመለስ፣ ሽማግሌው በመንገዱ ሁሉ አንዲት ቃል አልተናገሩም። አንድ መካኒክ ተሳፍሮ ዝም ካለ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ሁሉም ሰው አሮጌ መኪና ይግዛ ማለታችን አይደለም። ግቢ የሌለው አለ፤ ገንዘብ የሌለው አለ፤ ቤተሰቡን ጦም አሳድሮ ብረት መግዛትም ተገቢ አይደለም። መኪና ባይሆን የአያት ራዲዮ፣ የእናት የስፌት ሲንጀር፣ በጓዳ የተጣለ ብስክሌት ይኖራል። የተበላሸውን ፈትቶ፣ ምክንያቱን ፈልጎ፣ አስተካክሎ መልሶ መግጠም ለአእምሮም ለእጅም ትምህርት ነው። ሆኖም ምንም ብናድስ ቅደም ተከተሉን አንርሳ። የቀለሙ ቀን ይደርሳል፤ እስከዚያው ድረስ የምንቆምበትን እናብጅ።